የጳጉሜን ስድስቷ ልጅ

በእኛ ወረዳ አንድ ሰው ሙያውን ወይም ዕውቀቱን ከሌላው ሲሸሽግ ያዩት እንደሆነ፣ ሽማግሌዎች አንዲት አጭር አባባል ጣል ያደርጉበታል። ከአያት ከቅድመ አያት የወረደች የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው አፍ ስትወጣ እዚያው ቆሜ ሰምቻታለሁ። ያኔ የወረዳው ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ቢምረው አለነ የሚባሉ ገበሬ የልጅ ልጃቸውን ስመኝን አዝለው ወደ ልደት ምዝገባ ክፍል ገቡ። ልጅቱ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ክብደቷ ግን የሦስት ዓመት ልጅ ያህል ነበር። ከተወለደች ጀምሮ ልቧ ቀዳዳ አለበት። አምስት እርምጃ ስትሄድ ከንፈሯ ይጠቁራል። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለቀዶ ሕክምና ወደ ሕንድ ከሚልካቸው ልጆች ጋር ደምሯታል፤ ለፓስፖርቷ የሚሆን የልደት ምስክር ወረቀት ግን እስከ ዓርብ መቅረብ አለበት።

መዝጋቢዋ ዘቢደር ወንበር ሰጥታቸው ጠየቀች። «መቼ ተወለደች፣ አባባ?»

«ጳጉሜን ስድስት፣ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ።»

ጻፈች። ኮምፒውተሩ አልቀበልም አላት። ደግማ ጻፈች፤ ያው ነው። ፕሮግራሙ ጳጉሜን አምስት ቀን እንዳላት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ በየአራት ዓመቱ የምትመጣዋን ስድስተኛዋን ቀን የሠሩት ሰዎች ዘንግተዋታል። በእጅ የተጻፈ ምስክር ወረቀት ደግሞ ተቀባይነቱ ቀርቷል።

ኃላፊያችን አቶ ልየው ተጠርተው መጡ። ነገሩን ከሰሙ በኋላ «አምስት ብለሽ ጻፊና ይሂዱ» አሉ።

ቢምረው ከጉያቸው በላስቲክ የተጠቀለለ የክትባት ካርድ አወጡ። «የሐኪም ወረቀቷ ሁሉ ስድስት ነው የሚለው። የጎረቤቴን ልጅ በአንድ ቀን ልዩነት ከፓስፖርት ቢሮ መስኮት መልሰውታል። እሱ ጤነኛ ነው፣ ሌላ ጊዜ ሄደ። ይቺ ሌላ ጊዜ የላትም።»

አቶ ልየው ተናደዱ፤ የተናደዱት በሽማግሌው አልነበረም፣ በፕሮግራሙ ነው። ፕሮግራሙን ያስገቡልን ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የመጡ መምህራን ናቸው። የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። ከእሱ በፊት የነበረን ከአንድ ኩባንያ የተገዛ፣ ውስጡን መንካት በውል የተከለከለ ነበር። አንዲት ስህተት እስኪያስተካክሉልን ስምንት ወር ጠብቀናል። አቶ ልየው ግን ያንኛውን ይመርጡ ነበር። «ቢያንስ የምወቅሰው ሰው ነበረኝ። ይሄ ባለቤት የለው፣ ለማን አቤት ይባላል?»

«ለሠሪዎቹ ልጻፍላቸው» አለች ዘቢደር።

«ለየትኞቹ?»

«ለሁሉም።»

በየአገሩ ያሉ የፕሮግራሙ ተጠቃሚዎችና ሠሪዎች ስህተት የሚጽፉበት የኢንተርኔት ገጽ ነበረ። ዘቢደር ከዚያ በፊት ጽፋበት አታውቅም። መዝገበ ቃላት ከፍታ፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ እየሰረዘች፣ እስከ ምሳ ሰዓት በእንግሊዝኛ ጻፈች። የጳጉሜንን ነገር ካስረዳች በኋላ መጨረሻው ላይ እንዲህ አለች፦ «እዚህ አንዲት ሕፃን አለች። የተወለደችበትን ቀን ፕሮግራማችን የለም ይላል። እስከ ሐሙስ ካልተስተካከለ ሕክምናዋ ያመልጣታል።» የልጅቱን ስም አልጻፈችም።

ቢምረው ከተማ ዘመድ ቤት አደሩ። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ምንም አልጠበቅሁም። ዓለም እኛን ምን ብሎ ያስታውሰናል?

ማክሰኞ ጠዋት ስንገባ አራት መልስ ደርሶ ነበር። የመጀመሪያው ፕራካሽ ከሚባል የኔፓል ሰው ነው። «የእኛም አገር የራሱ የዘመን አቆጣጠር አለው» ይላል፤ «ሠላሳ ሁለት ቀን ያለው ወር አለን። ኮምፒውተር የለም ያለው ቀን ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ዛሬ ሥራዬን ትቼ እዚህ ላይ ነኝ።» ዘቢደር ጮክ ብላ አነበበችልን።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል። ፕራካሽ የጻፈውን ኡራጓይ ያለች ሴት ሁለት መቶ የተለያዩ ቀኖችን እያስገባች ፈትና፣ በአንዱ እንደሚሳሳት አገኘች። ዘቢደር የትኞቹ ዓመታት ስድስተኛ ቀን እንዳላቸው እየዘረዘረች ላከች። ጂንካ ያለ አንድ መምህር የወሯን ስም አጻጻፍ አስተካከለ። አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነሳል። ከመካከላቸው በዓይን የሚተዋወቁ ሁለት ሰዎች አልነበሩም። አቶ ልየው ወንበራቸውን አምጥተው ከዘቢደር ጎን ተቀመጡ።

ሐሙስ ከቀትር በፊት የተስተካከለው ደረሰ። ዘቢደር መዝገቡን በሙሉ ሌላ ቦታ ገልብጣ ካስቀመጠች በኋላ አዲሱን ጫነችው። ጳጉሜን ስድስት ብላ ጻፈች። ተቀበላት። ማተሚያው ምስክር ወረቀቱን አወጣ። አቶ ልየው ማኅተሙን በገዛ እጃቸው አሳርፈው፣ ወረቀቱን ለቢምረው በሁለት እጃቸው ሰጧቸው።

ዓርብ ዕለት ማመልከቻው ገባ። ስመኝ ከእናቷ ጋር ሄደች፤ ልቧ ተሰፋ።

ከአራት ወር በኋላ ቢምረው ተመልሰው መጡ። ስመኝ በእግሯ ነበር የመጣችው፤ ደረጃውን ቀድማቸው ወጣች። ሽማግሌው የረዷቸውን ሰዎች ስም መስማት ፈለጉ። ዘቢደር ገጹን ከፈተች፤ በዚያን ጊዜ እሷም ለሌላ አገር መዝጋቢ ጥያቄ መልስ ጽፋበት ነበር። ስሞቹን አንድ በአንድ ስታነብላቸው ቢምረው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው አዳመጡ። ለመጥራት የሚያስቸግረውን ስም ደግማ እንድታነብላቸው ጠየቋት።

«እኛን የት ያውቁናል?» አሉ።

«አያውቁንም፣ አባባ። ውስጡ ክፍት ስለሆነ፣ ስህተት ያየ ሁሉ ገብቶ ያርመዋል።»

«ያርመዋል?»

«አዎ፣ ያርመዋል።»

ቢምረው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጤፍ ሲያርሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ስመኝ በኮሪደሩ ወዲያ ወዲህ ስትሮጥ አዩዋት፤ ከዚያም ከጎኔ ወደቆሙት አቶ ልየው ዞረው ቀስ ብለው «ለካ፣ ያልታጠረ ማሳ አራሚ አያጣም» አሉ።