እኔን ቢያግቱኝ ለማን ይደውላሉ?

ወገኖቼ፣ አንዲት ሴት ነበረች። ኮምቦልቻ ውስጥ ክርና ቁልፍ፣ ዚፕና መርፌ የምትሸጥ፣ በሰው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን የምትኖር ሴት። ታሪኩን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ እንድነግራችሁም ፈቅዳልኛለች። ስሟን ግን ለዛሬ ፈለቀች እንበላት።

ፈለቀች እሑድ ከሰዓት በኋላ የምትሄድበት አንድ ቦታ ነበራት፤ የአከራይዋ የወይዘሮ ደብሪቱ ሳሎን። ግቢው በሙሉ እዚያ ይሰበሰባል። ጡረታ የወጡት የከባድ መኪና ሾፌር ጋሽ ወንድአፍራሽ አሉ። ጤና ጣቢያ የምትሠራ ማርታ የምትባል ወጣት ነርስ አለች። የሚያዩት ተከታታይ የወንጀል ድራማ ነው። እንደዚያ ዓይነቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፖሊስ ያሳድዳል፣ ሌባ ይሸሻል፣ ልክ ልባችን ሲንጠለጠል «ይቀጥላል» ብሎ ይለየናል።

የዚያን እሑድ ክፍል እንዲህ ነበር። ዘራፊዎች ማምለጫ አጥተው አንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ካለች ሱቅ ገብተው በሩን ከውስጥ ይዘጋሉ። ሱቋ ውስጥ አንዲት ገንዘብ ተቀባይ ልጅ አለች፤ ያግቷታል። ውጭውን ፖሊስ ከቦታል። የዘራፊዎቹ አለቃ የልጅቷን ስልክ ይነጥቅና፣ «አንድ ሰው ጥሪ» ይላታል። «እዚህ በር ድረስ መጥቶ፣ ስላንቺ ብሎ ፖሊሶቹን የሚለምንልን አንድ ሰው። ከመጣ በሕይወት ትወጫለሽ።»

ልጅቷ የወንድሟን ስም ትናገራለች። ስልኩ ይጠራል። ይጠራል። ይጠራል። የሚያነሣው የለም። «ይቀጥላል።»

ሳሎኑ ታመሰ። ወይዘሮ ደብሪቱ እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ይህቺን ልጅ ሊያስፈጃት ነው» አሉ።

ጋሽ ወንድአፍራሽ የልጅቷን ወንድም መስደብ ጀመሩ። ማርታ ደግሞ ጠበቃው ሆነች። «ስልኩን ድምፁን አጥፍቶት ቢሆንስ? ሥራ ላይ ቢሆንስ? እኔ ተረኛ ስሆን የእናቴንም ስልክ አላነሣም።»

«አውቆ ነው» አሉ ጋሽ ወንድአፍራሽ። «ባለፈው ሳምንት ፊቱን አይቼዋለሁ። የሚደርስ ሰው ፊት አይደለም።»

እንዲህ ሲከራከሩ ወሬው ከድራማው ወጥቶ ወደ ራሳቸው መጣ። ጋሽ ወንድአፍራሽ፣ «እኔን ቢያግቱኝ ልጆቼ ያንን ማደያ በጥርሳቸው ያፈርሱታል» አሉ። ማርታ፣ «እናቴ ፖሊሱን ሁሉ ጥሳ ገብታ አጋቹን 'አንተ እናት የለህም?' ብላ ታስለቅሰዋለች» አለች። ወይዘሮ ደብሪቱ፣ «የእኔው ሰውዬ መጀመሪያ ጫማውን ሲፈልግ ይቆያል፤ ግን ይመጣል» ብለው አሳቋቸው። ከዚያም ክፋት ሳያስቡ ዞር አሉና፣ «አንቺስ ፈለቀች?» አሏት።

ቴሌቪዥኑ የሳሙና ማስታወቂያ ጀምሯል። ፈለቀች ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል፣ «እኔን ቢያግቱኝ ለማን እንደሚደውሉ አላውቅም» አለች።

ሳቁ ቆመ።

«ዘመድ የለሽም?» አሏት ወይዘሮ ደብሪቱ።

«እህት አለችኝ። ደሴ።»

«እዚህ ደሴ?»

«እዚህ ደሴ።»

«ታዲያ እህት እያለችሽ…»

«ትምጣ አትምጣ አላውቅም» አለች ፈለቀች። «አትመጣም ብዬ ቁርጡን ባውቀው እንኳ ይሻለኝ ነበር።»

አገሩን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከኮምቦልቻ ደሴ ማለት የሐረጎን ዳገት መውጣት ነው። ሚኒባስ ተሳፍረሽ ከጎንሽ ካለው ሰው ጋር ወሬ ሳትጨርሺ ትደርሻለሽ። ፈለቀች ያንን ዳገት ዘጠኝ ዓመት አልወጣችውም። ጠዋት ጠዋት ሱቋን ስትከፍት ረዳቶቹ «ደሴ! ደሴ!» እያሉ ሲጣሩ ትሰማለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእህቷን አገር ስም ሲጠሩላት ሰማች፤ አልተሳፈረችም።

ምን ሆነው ነው? ምንም ትልቅ ነገር የላቸውም። እናታቸው ታምማ ደሴ ተኝታ ነበር። የምታስታምማት ታላቋ፣ ተናኜ ናት። ለፈለቀች «እናታችን ደክማለች» ብላ ላከችባት። ፈለቀች ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስትል፣ የምትሄደው ለቀብር ሆነ። ለቅሶው ቤት ስትገባ፣ ያ ሁሉ ሰው በተቀመጠበት፣ ተናኜ ቀና ብላ አየቻትና፣ «ለእንግዳዋ ቦታ ልቀቁላት» አለች።

ይቺ ናት። አንዲት ዓረፍተ ነገር። ስድብ እንኳ የለባትም። ግን ፈለቀች በእናቷ ቤት እንግዳ ተባለች፤ ቀብሩ እንዳለቀ ወጣች፤ አልተመለሰችም።

ወገኖቼ፣ በመካከላችን ስንት ቤት በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተዘግቷል?

በማግሥቱ ሰኞ ፈለቀች ሱቋን ሳትከፍት «ደሴ!» ከሚለው ረዳት ጋር ተሳፈረች። ሐረጎ ላይ ብርዱ ሲቀበላት ሹራብ እንዳልያዘች ታወቃት። ቆላ ለምዳ የደጋውን ብርድ ረስታዋለች። «ልውረድ ልውረድ እያልኩ ደረስኩ» አለችኝ።

በሩን የከፈተችላት ቁመቷ ከእሷ የሚበልጥ ኮረዳ ናት። የእህቷ ልጅ ኤልዳና። የወተት ጥርሷ ሳይነቃነቅ ነበር የተለየቻት። ልጅቷ በትሕትና ጎንበስ አለችና፣ «ማንን ፈልገው ነው?» አለቻት።

«ተናኜን።»

«ማን ልበላት?»

አስቡት እስቲ። የእህትሽ ልጅ፣ አዝለሽ ያስተኛሻት ልጅ፣ በር ላይ ቆማ «ማን ልበላት?» ስትልሽ። ፈለቀች አክስትሽ ነኝ ለማለት አፏ አልታዘዛትም። «ከኮምቦልቻ ነው በያት» አለች።

ተናኜ ልብስ እያጠበች ኖሮ አረፋው ከእጇ ሳይደርቅ ወጣች። ፀጉሯ ሸብቷል። አካሄዷ፣ አንገቷን ዘንበል ማድረጓ፣ ቁርጥ እናታቸውን ሆናለች። ደጃፉ ላይ ቆመችና የመጀመሪያ ቃሏ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ?

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አለች ፈለቀች።

«ታዲያ ምን ልትሆኚ መጣሽ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። እኔን ሰው ቢያግተኝና ላንቺ ቢደውሉልሽ… ትመጫለሽ?»

የተናኜ ፊት ተለወጠ። ደረጃውን ወርዳ ክንዷን ያዘቻት። «ማን ነው ያገተሽ? ማን ነው ያስፈራራሽ?»

«ማንም። ድራማ አይቼ ነው።»

ተናኜ ክንዷን ለቀቀችው። «በድራማ ምክንያት ሐረጎን ወጣሽ» አለች።

«አዎ።»

«እመጣለሁ» አለች ተናኜ። «ግን ተናድጄ ነው የምመጣው። መንገዱን ሁሉ እየሰደብኩሽ ነው የምመጣው።»

ፈለቀች እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ተናኜም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አጠገቧ ተቀመጠች። ልጅቷ በር ላይ ቆማ እነዚህ ሴቶች ምን ሆነዋል እያለች ታያቸዋለች።

«በዚያ በክፉው ጊዜ» አለች ተናኜ፣ «ጦርነቱ መጥቶ ሰው ሁሉ አገር ለቆ ሲሄድ፣ ከኮምቦልቻ የመጣውን ሁሉ አስቁሜ ስጠይቅ ነበር። ክርና ቁልፍ የምትሸጥ፣ ቀጠን ያለች ሴት አላያችሁም ወይ እያልኩ።»

«እኔም ደሴ ደርሶ የመጣውን ሁሉ ስጠይቅ ነበር» አለች ፈለቀች።

ስሙልኝ። ሁለቱም ይፈላለጋሉ። ሁለቱም መንገደኛ ያስቆማሉ። የሁለቱም ስልክ ቁጥር ከዘመድ ይገኛል። ግን አንዷም አልደወለችም። ለምን? ሌላዋ ትጀምር ብላ ነዋ።

ከዚያ ፈለቀች ዘጠኝ ዓመት የያዘችውን አወጣችው። «ያን ቀን እንግዳ አልሽኝ፣ እትዬ። በእናቴ ለቅሶ።»

«ረሳሁት ብልሽ እዋሽሻለሁ» አለች ተናኜ። «ለምን እንዳልኩሽ ግን አታውቂም። እናታችን በመጨረሻ ዓይኗ ደክሞ ነበር። እኔ አገላብጣታለሁ፣ እኔ ውሃ አጠጣታለሁ። በር ኮሽ ባለ ቁጥር እሷ 'ፈለቀች መጣች?' ትላለች። አልመጣችም እላታለሁ። ደግሞ በሩ ኮሽ ይላል። 'መጣች?' ትላለች። እጄን ይዛ ነው እኮ አንቺን የምትጠራው። እኔን አንድ ቀን አልጠራችኝም፤ አጠገቧ ነበርኳ።»

ፈለቀች ይህን አታውቅም ነበር። እናቷ ተቀይማት የሞተች ይመስላት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጠፋችው እህቷን ሸሽታ ብቻ አልነበረም፤ የእናቷን ቅያሜም ሸሽታ ነበር። ያ ቅያሜ ለካ የለም። እዚያ ቤት ውስጥ የነበረው ናፍቆት ነው።

አያችሁ ወገኖቼ? አንዷ ስላልነበረች ቆሰለች፤ አንዷ ስለነበረች ቆሰለች። አንዷ የሌላዋን ቁስል እንዳታይ አንድ ዳገት በቃ።

ፈለቀች ያን ቀን እዚያው አደረች። አሁን ሐረጎን ትወጣለች፤ ተናኜም ትወርዳለች። ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አላታልላችሁም። እናታቸው አልተነሣችም። ዘጠኙ ዓመት አልተመለሰም። «ኤልዳና እስካሁን አንቱ ነው የምትለኝ» አለችኝ ፈለቀች። «ታከብረኛለች፣ ሻንጣዬን ትቀበለኛለች። ግን አንቱ ትለኛለች። አንቺ የምትለኝን ቀን እየጠበቅኩ ነው።» ይህን ስትነግረኝ ድምፅ ሳታሰማ ነው ያለቀሰችው።

ድራማውስ? ያቺ ልጅ ወጣች? ወንድሟ መጣ? ፈለቀች አታውቅም፤ በሚቀጥለው እሑድ እህቷ ቤት ነበረች። እኔም አላውቅም። ደግሞም የልጅቷን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ተዋናይት ቀረጻው ሲያልቅ ልብሷን ቀይራ ቤቷ ገብታለች፤ አታስቡላት።

ግን እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። ያ ስልክ አልነሣ ሲል ስንቶቻችን ከወንበራችን ተነሣን? ስንቶቻችን «አንሣ እንጂ!» ብለን ጮኽን? እሺ። የእናንተ ስልክ ሲጠራስ? ስሙን አይታችሁ ገልብጣችሁ ያስቀመጣችሁት ስልክስ? ለማናውቀው ሰው ይህን ያህል አንጀት ያለን ሰዎች፣ ለምናውቀው ሰው ሲሆን ምን ነካን?

እናንተ የታገታችሁት በማን ነው? በጠመንጃ አይደለም። በአንዲት ቃል ነው። «ለእንግዳዋ ቦታ ልቀቁላት» በምትል በአንዲት ቃል። በሩ የተዘጋው ከውስጥ ነው፤ አጋቹም ታጋቹም እኛው ነን።

የእኛ ጌታ ግን ቤዛ ሆኖ ሲመጣ ማን ደወለለት? ማን ለመነው? ስሙን የጠራነው ከመጣ በኋላ ነው። እነሱ ይጀምሩ ቢል ኖሮ እስከ ዛሬ እንጠብቅ ነበር። ዳገቱን የጀመረው እሱ ነው። ቁልቁል ነው የወረደው፤ ግን ዳገት ነበር።

«እኔ እንደ እሱ አይደለሁም፤ ልቤ ገና አልበረደም» ትሉኝ ይሆናል። አውቃለሁ። እንደ እሱ መምጣት ያቃታችሁ እንደ ተናኜ ኑ። ልባችሁ እስኪበርድ አትጠብቁ፤ የሰው ዕድሜ አይጠብቅም። ተናዳችሁም ቢሆን ኑ። እየተሳደባችሁም ቢሆን ኑ። በሩ ላይ ቆማችሁ የምትሉት ቢጠፋችሁ፣ «ድራማ አይቼ ነው» በሉ። «ስብከት ሰምቼ ነው» በሉ። ሰበቡ ምንም ይሁን፣ ብቻ ድረሱ።

አንዳንዶቻችሁ አሁን የአንድ ሰው ፊት ታይቷችኋል። እኔ አልጠይቃችሁም ማን እንደሆነ። ከዳገቱ ወዲያ ይሁን፣ ከግድግዳው ወዲያ ይሁን፣ አላውቅም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር አንድ ሰው ቀና ብሎ ስማችሁን ጠርቶ «መጣ?» ይላል፤ «መጣች?» ይላል። አጠገቡ ያለው ሰው «አልመጣም»፣ «አልመጣችም» እያለ መመለስ ሰልችቶታል።

ሂዱ። ሁለቱንም አሳርፏቸው።