ጎማ ያጎረሱት ኮለን

አንድ ቀን፣ የእድራችን አዳራሽ ሲሠራ የሆነውን ላጫውታችሁ። ጠጋ በሉ እንጂ፣ ድምፄ እንደሆን ሩቅ አይሄድም። ሥራውን የያዘው አቶ መንበሩ የሚባል ተቋራጭ ነበር። አያድርስ ነው እናንተ፤ እግዜር ሰማይን ሲዘረጋ እሱን አማክሮ የዘረጋ ነው የሚመስለው። አንድ ሰሞን ከተማ ሄዶ የሦስት ቀን ሥልጠና ወሰደ። አሠልጣኟ መሐንዲስ፣ አሮጌ ጎማ ተፈጭቶ አርማታ ውስጥ ቢገባ ለግቢ መንገድ ደግ ነው፣ ሲመቱት ቶሎ አይሰነጠቅም አለች አሉ። ፎቅ ለሚሸከመው ምሰሶ፣ ለኮለን ግን እንዳትነኩት፣ ጎማው በበዛ ቁጥር የመሸከም አቅሙ ይወርዳል ብላም ጨምራለች። መንበሩ ፊተኛውን ሰምቶ ለምሳ ወጥቷል። ከምሳ በኋላ የተባለውን ማን ይንገረው? ቢነግሩትስ መች ይሰማል።

መጣና ጎሚስታው ደጅ የተከመረውን አሮጌ ጎማ ሁሉ ሰብስቦ እንደ ጎመን አስከተፈው። ግማሹን ጠጠር አስቀርቶ በምትኩ ጎማ አስገባና የአዳራሹን ኮለኖች ሞላቸው። ላያቸው ላይ እኮ ፎቅ ሊጫንባቸው ነው! እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን ፎቅ ትራስ ላይ እንደማይቆም አውቃለሁ።

ግንበኛው ዘርጋው የሠፈራችን ሰው ነው፣ የእድሩም አባል። ነገሩ ስላላማረው ከዚያው ድብልቅ ጡብ የምታህል አስቀረና ስትደርቅ ድንጋይ ጫነባት። እንደ ከረመ ድፎ ተፈረፈረች። ሄዶ ለመንበሩ ቢነግረው ሳቀበት። ግንበኛ ልስኑን ይለስን እንጂ ስለ ጥንካሬ ምን አግብቶት አለው። ይህን ወሬ ለእድሩ ሰዎች አወራህ ማለት ደግሞ አንተም አካፋህም ከዚህ ግቢ ትወጣላችሁ ብሎ አስጠነቀቀው። ዘርጋው ሌላ ሥራ የለው፣ ቤቱ ሦስት ልጅ አለ። ዝም እንዳይል ደግሞ እዚያ ጣሪያ ሥር የሚቀመጠው ማን ሆነና? እናቱ፣ ጎረቤቱ፣ እኔ። ለቅሶ ልንቀመጥ ገብተን የሚለቀስልን ልንሆን።

ኮለኖቹ ላይ የሚያርፈው የፎቁ ወለል፣ ሶሌታው ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው የእድሩ ዳኛ ጋሽ ውብነህ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ሊያዩ መጡ። መንበሩ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጎማ የገባባት አንዲት ጡብ ይዞ መሰላል ላይ ወጣና ለቀቃት። መሬት ነክታ እንደ ኳስ ነጠረች፤ አንድም ቦታ አልተሸረፈችም። «አያችሁ? ከሰማይ ቢወድቅ አይሰበርም» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡለት። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ አልዋሽም። ማናችንም ኮለን የሚቆመው ሊወድቅ ሳይሆን ሊሸከም ነው ብለን አላሰብንም።

ጋሽ ውብነህ ግን ወደ ዘርጋው ዞሩ።

«አንተ የኛ ልጅ፣ ምነው ዝም አልክ? ፎቁን ይችለዋል ወይ?»

ዘርጋው አፉን ሊከፍት ሲል መንበሩ ቀደመው።

«እሱ ምን ያውቃል ጋሼ፣ አሸዋ ነፊ! አንተ፣ ትንፍሽ እንዳትል ብያለሁ።»

ዘርጋው አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና እንዲህ አለ፦

«እሺ አለቃ፣ እኔ ትንፍሽ አልልም። ኮለኑ ውስጥ የከተቱት ግን ጎማ ነው፤ ሲጭኑበት መተንፈሱ አይቀርም። እሱንም ዝም ያሰኙልና።»

ኮለኖቹ በጋሽ ውብነህ ትእዛዝ በማግሥቱ ከነጎማቸው ፈረሱ፤ ከነሱ ቀድሞ የተነፈሰው ግን አቶ መንበሩ ነው።