ስም ጠሪው ሹምና ያልተሰናበቱት

ጠጋ በሉ ልጆች። እናንተም ትልልቆቹ፣ ሰምተነዋል አትበሉ፤ ይህን አልሰማችሁትም። እኔም ከአያቴ የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ድገሙልኝ ብላቸው እምቢ አሉ።

በድሮ ጊዜ፣ ዛሬ መንገዱ በጠፋ በአንድ አገር፣ ሰው ሲሞት ቀብሮ መመለስ ብቻ አይበቃም ነበር። ሟቹ መሄጃውን አያውቅማ! በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ ስም ጠሪው ሹም ከገደሉ አፋፍ ይወጣና የሟቹን ስም ከነአባቱ ሦስት ጊዜ ይጠራል። ከዚያ «መንገድህ ክፍት ነው፤ ሂድ!» ይላል። ሟቹም ይሄዳል። እናት ብትጠራ፣ ሚስት ብትጠራ፣ ሟች አይሰማም። የሚሰማው የተሾመውን ሰው ድምፅ ብቻ ነው። ለዚህ ሥራው ሹሙ ከወንዙ ዳር ጥቁር አፈር ያለው ሰፊ እርሻ ተሰጥቶታል።

በዚያን ዘመን ሹሙ ይርዳው የሚባል ሰው ነበር። ብልጥ ነው፤ ምላሱ ቅቤ። አንድ ቀን ዳገቱን መውጣት ታከተውና ቀረ። በማግሥቱ እርሻውን ሄዶ ቢያይ ጤፉ እንደ ወትሮው ቆሟል።

«አሃ!» አለ ይርዳው። «ለካ ብጠራም ባልጠራም ጤፉ ይበቅላል!»

ከዚያ ወዲህ ሟች ያለው ሰው ሲመጣበት እምቢ አይልም። ጉሮሮውን ይዞ፣ ሳል ሳል ብሎ፣ «እሺ፤ ጉሮሮዬ ሲጠራ» ይላል። ጉሮሮው ግን አንድም ቀን አልጠራም።

ታዲያ ጓንጉል የሚባል ንብ አርቢ ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ ከዛፍ ወድቆ ሞተ። ሚስቱ ደብሪቱ ስንዱ ከምትባል የአምስት ዓመት ልጇ ጋር ቀረች። በሦስተኛው ቀን ወደ ሹሙ ሄደች።

«ጌታዬ ሹም፣ ቀኑ ዛሬ ነው። ባሌን ያሰናብቱልኝ።»

«እሺ፤ ጉሮሮዬ ሲጠራ።»

ፀሐይ ገባች። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ደብሪቱ ደጅ ብትወጣ ጓንጉል አጥሩ ጥግ ቆሟል። የአጥሩ ጥላ አለ፣ የዛፉ ጥላ አለ፣ የእሱ ጥላ የለም። ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ «ስሜ አልተጠራም» አለ።

መጀመሪያ ልትሮጥበት እጇን ዘረጋች፤ ያ የምታውቀው ትከሻ ነው። ዓይኑን ስታይ ግን እጇን ሰበሰበች። ዓይኑ እሷን አያይም። በእሷ በኩል አልፎ መንገድ ይፈልጋል።

በማግሥቱ ግቢው መሃል ቆመ። ያን ዕለት ንቦቹ ከየቀፏቸው በአንድነት ተነሥተው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ቤቱ ደፍ ላይ ደረሰ። ደብሪቱ ከምንጭ ስትመለስ ስንዱ ደፉ ላይ ተቀምጣ አንድ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አገኘቻት።

«ምን ታደርጊያለሽ ልጄ?»

«አባዬ በረደኝ አለ። እጄን ይዞ እየሞቀ ነው።»

ደብሪቱ ማድጋዋን ጥላ የልጇን እጅ ብትይዘው፣ ጣቶቿ የወንዝ ድንጋይ ሆነዋል። በብብቷ አስገብታ አሸች፣ በትንፋሿ አሞቀች። ወይ ፍንክች! በማግሥቱ ብርዱ ከልጅቷ ጣት አልፎ አንጓዋ ላይ ደረሰ። ስንዱ እህል በቃኝ አለች።

ደብሪቱ ወደ ሹሙ በረረች። «ጌታዬ ሹም፣ ልጄ ልትሄድብኝ ነው!»

«አይዞሽ። እሺ፤ ጉሮሮዬ ሲጠራ» አላት፣ ጠጅ እየጠጣ።

መንገድ ላይ እያለቀሰች ስትመለስ ጎረቤቷ አያ ስመኝ አገኟት። ዙሪያቸውን አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኛም ቤት አለች» አሏት። «እናቴ። ከጎተራው ጀርባ ከቆመች ሰባት ወሯ። አፍረን ዝም ብለን እንጂ ያልቆመበት ቤት የለም።»

«ዝም ብላችሁ ነዋ የኔም የቆመው!» አለች ደብሪቱ። ቤቷም አልገባች፤ ቀጥ ብላ ወደ ዳኛው ሄደች።

ዳኛው አንለይ የሚባሉ፣ ከዋርካ ሥር የሚያስችሉ ሽማግሌ ነበሩ። አቤቱታዋን ሰምተው ሹሙን አስጠሩ።

«ይርዳው፣ ስም ጠሪ አይደለህም?»

«ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ለምን አልጠራህም?»

«እኔ እምቢ አላልሁም፣ ጌታዬ። ይመስክሩልኝ፤ የመጣውን ሁሉ እሺ ነው ያልሁት። እሺ ያለ ሰው ይከሰሳል?»

ሸንጎው ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም።

«እሺ ማለት ሥራ አይደለም። ስማ ይርዳው፤ እኔ ልጠራልህ አልችልም፤ ብጠራ መንገድ የሚከፈትለት ሟች የለም። የምችለው አንተን ማዘዝ ነው። ነገ ፀሐይ ሳትገባ ከአፋፉ ወጥተህ ጓንጉልን ትጠራዋለህ። ትእዛዝ ነው!»

ይርዳው እጅ ነሣ። «እሺ፤ ጉሮሮዬ ሲጠራ።»

ይርዳው ቤት አንድ የሰው ድምፅ የሚያወጣ ቁራ ነበር። የጌታውን ድምፅ እንደሆነ ከእሱ ከራሱ ይበልጥ አስመስሎ ያወጣዋል። በማግሥቱ ይርዳው ሥጋ እያጎረሰ ሲያስጠናው ዋለና ወደ አፋፉ ላከው። አገሩ ሁሉ ሰማ። «ጓንጉል ዋሴ! ጓንጉል ዋሴ! ጓንጉል ዋሴ! መንገድህ ክፍት ነው፤ ሂድ!»

ደብሪቱ እልል አለች። ጓንጉል ከደፉ ላይ ተነሣ፤ ዳገቱን ወጣ፤ ከአፋፉ ደረሰ። መንገዱ ግን ዝግ ነበር። እዚያው ትንሽ ቆመና ተመለሰ። አሁን ደፉ ላይ አልቆመም። ቤት ገባ። ከስንዱ መደብ አጠገብ ተቀመጠ።

ቁራውም ወደ ጌታው ተመለሰ። ይርዳው «ጎበዝ!» ብሎ ሥጋ ቢዘረጋለት አልበላም። አንገቱን አዘንብሎ ሲያየው ቆየና፣ በአንዲት አሮጊት ድምፅ «ስሜ አልተጠራም» አለ። ቀጥሎ በሕፃን ድምፅ «ስሜ አልተጠራም»። ቀጥሎ በጎልማሳ ድምፅ። ይርዳው ሰባት ድረስ ቆጠረና ቁራውን አባሮ በሩን ዘጋ። ቁራው ከጣራው ላይ ሆኖ ቀጠለ።

ደብሪቱ ልጇን አዝላ ከዋርካው ሥር ደረሰች። ብርዱ የስንዱ ትከሻ ላይ ወጥቷል። ዳኛው የልጅቷን እጅ ዳሰሱ።

«ይርዳውን አምጡት» አሉ።

ይርዳው መጥቶ ገና አፉን ሳይከፍት፣ ዳኛው «በቁራኛ ይታሰር» ብለው ፈረዱ። በዚያ አገር ቁራኛ ማለት የከሳሽና የተከሳሽ ልብስ ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ ነገሩ እስኪያልቅ አብረው እንዲውሉ፣ አብረው እንዲያድሩ ማድረግ ነው። ደብሪቱ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ቀረበች።

«አንቺ አይደለሽም ልጄ» አሉ ዳኛው። «ባለመብቱ ሌላ ነው።» ተነሥተው የይርዳውን ኩታ ጫፍ ያዙና ማንም ወደሌለበት ዘረጉት። «ጓንጉል ዋሴ! እንደ ስም ጠሪ አልጠራህም፤ እንደ ዳኛ እንጂ። በሕግ አምላክ፣ ባላጋራህን ያዝ!»

ጫፉን ለቀቁት። ኩታው አልወደቀም።

ነፋስ የለም። የዋርካው ቅጠል አይንቀሳቀስም። ኩታው ግን እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ አየር ላይ ቀረ። ሸንጎው ወደ ኋላ ሸሸ። ይርዳው ያን ጊዜ እሺ አላለም።

ቤቱ ሄደ፤ ኩታው ተከተለው። ምሳ ቀረበለት፤ ወጡ አፉ ሳይደርስ ረጋ። ሚስቱ «ማነው አጠገብህ?» ብላ ከቤት ወጣች። ኩታውን አውልቆ ሊጥል ቢሞክር ከትከሻው አልላቀቅ አለ። በመጨረሻ ቢላዋ አንሥቶ ጫፉን ቆረጠው። የተቆረጠው ቁራጭ መሬት ወደቀ። የቀረው ኩታ ግን እንደገና ተወጠረ፤ አሁን በግራም፣ በቀኝም፣ በኋላም።

ይርዳው ጮኸና ዳገቱን ይሮጥ ጀመር። ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ክንድ ሲቀራት ከአፋፉ ደረሰ። ድምፁ ከርሞ ዝጎ ነበርና ሲጠራ እየተንቀጠቀጠ ወጣ።

«ጓንጉል ዋሴ! ጓንጉል ዋሴ! ጓንጉል ዋሴ! መንገድህ... መንገድህ ክፍት ነው፤ ሂድ!»

አንድ እጅ ኩታውን ለቀቀ። በዚያችው ደቂቃ፣ ታች መንደር፣ ስንዱ በእናቷ ጀርባ ላይ ተንቀሳቀሰችና «እማ፣ ራበኝ» አለች። ደብሪቱ መንገድ መሃል ተቀምጣ አለቀሰች። ለልጇም አለቀሰች፣ ለጓንጉልም አለቀሰች፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ባሏን ለማልቀስ ጊዜ አላገኘችም ነበር።

ይርዳው ተገላግያለሁ ብሎ ሊወርድ ዞረ። ኩታው ያዘው።

«ስሜ አልተጠራም» አሉ ከኋላው፣ ብዙ ሆነው።

«ማን ማን ናችሁ? ንገሩኝና ልጥራችሁ!»

ዝም። ሟች የራሱን ስም ይዞ አይሄድም፤ ስም ከቋሚ ዘንድ ነው የሚቀር። ይርዳው ደግሞ የመጡበትን ሁሉ እሺ ብሎ ሲመልስ አንዱንም ስም በልቡ አልያዘም።

ደብሪቱ ይህን ስትሰማ ቤቷ ተቀምጣ መቅረት ትችል ነበር። አልቀረችም። በየደጁ እየዞረች «አትፈሩ፣ ውጡና የየቤታችሁን ስም ንገሩት» አለች። አያ ስመኝ ቀድመው ወጡ፤ የእናታቸውን ስም ነገሩት፤ ጠራ፤ አንድ እጅ ለቀቀ። ሌላውም ወጣ፤ ሌላውም። ሦስት ቀን ሙሉ ሲጠራ ዋለ፣ ሲጠራ ሰነበተ። ኩታው ከሁሉም በኩል ላላ። ከአንድ በኩል ብቻ አልላላም።

«ይሄ ማነው?» አለ ይርዳው፣ ድምፁ አልቆ።

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ማንም አያውቀውም። ኋላ የይርዳው ሚስት ናት ያስታወሰች። «ክረምት ላይ ታሞ ደጃችን የወደቀው መንገደኛ ነው። ስሙን እንጠይቀው ስልህ፣ ተወው፣ ደክሞኛል አልክ፤ ሲሞትም እንዲሁ አስቀበርከው።»

ይርዳው ወደ ዳኛው ላከ። «ስሙ የማይታወቅ ሰው አለ፤ ምን ላድርግ? ይማሩኝ።»

ዳኛውም መለሱ። «ማዘኑን ልቤ ያዝንልሃል። ሥራው ግን ያንተ ነው፤ ትእዛዙም የጸና ነው።»

ይርዳው ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሣና የሚያውቀውን ስም ሁሉ አንድ በአንድ መጥራት ጀመረ። ያገሩን ስም ጨረሰ፤ የሩቅ አገር ስም ቀጠለ። እርሻውና ሹመቱ፣ ከዚህ ከአንዱ ጥሪ በቀር፣ ለሌላ ተሰጠ፤ እሱ ግን አልወረደም። ለዚህ ነው በዚያ አገር እንግዳ ሲመጣ፣ ውሃ እንኳ ሳይቀርብለት፣ መጀመሪያ ስሙ የሚጠየቀው። በአፋፉ ሥር የሚያልፉ ሰዎችም በጠራራ ፀሐይ የደከመ ድምፅ ይሰማሉ ይባላል። የራሳቸውን ስም ሲጠራ ቢሰሙ አቤት አይሉም።

እንግዲህ እኔ የተሸከምኩትን አወረድሁ፤ የሚሸከም ያንሣው። የዚያ አገር ሰዎች እስከ ዛሬ እንዲህ ይላሉ፦

«ፍርድ ያላስነሣውን ሹም፣ ሙት ያስነሣዋል።»