ሳይነካ የተነሣው ገንፎ

አንድ የአገራችን ሰው ነበር። ጣልያን አገር የሚኖር፣ ከተማ ውስጥ አውቶቡስ የሚነዳ፣ የሁለት ሴት ልጆች አባት። ልጆቹ ወተት ከሱቅ እንጂ ከላም እንደሚገኝ አያውቁም። ይህ ነገር ሲከነክነው ከርሞ፣ አንድ ቅዳሜ ሚስቱን ትርሲትንና ልጆቹን መኪና ላይ ጭኖ ወደ ተራራው አገር ወጣ። እዚያ እንግዳ የሚቀበሉ አንዲት ባልቴት ገበሬ አሉ፤ ሲኞራ ፒየሪና ይባላሉ። ከብቶቻቸውን ታያላችሁ፣ ከዛፋቸው ሥር ፍሬ ትለቅማላችሁ፣ የአገሩን ምግብ ቀምሳችሁ ቤታቸው ታድራላችሁ።

ትርሲት ታዲያ መንገድ ላይ ልጆቿን አስጠነቀቀች። "የምንሄደው ሰው ቤት ነው። ምግብ ሲቀርብ ዘላችሁ እንዳትገቡበት። መጀመሪያ 'ጠግበናል' በሉ" አለቻቸው። እናቶች፣ ለምን ትስቃላችሁ? እናንተስ እኛን ያሳደጋችሁን እንዲህ ብላችሁ አይደለም?

ደረሱ። ልጆቹ ላም ሲታለብ አዩ፣ ዶሮ አባረሩ፣ ካስታኛ የሚሉትን እሾሃማ ቅርፊት ያለው ፍሬ ሲለቅሙ ዋሉ። ቁርስ የተበላው ከቤት ሳይወጡ ነው፤ ምሳ ደግሞ የለም። የተራራ አየር እንደሆነ ሆድን ባዶ ያስቀራል።

ሲኞራ ፒየሪና በበኩላቸው ወጥ ቤት ናቸው። በትልቅ የመዳብ ድስት የበቆሎ ገንፎ ያማስላሉ፤ ፖሌንታ ይሉታል። የገንፎን ነገር ለእናንተ አልነግርም፤ ክንድ ይፈልጋል። እኚህ እናት ደግሞ እጃቸውን ሪህ ይዟቸዋል። ቢሆንም እስኪበስል ድረስ ቆመው አማሰሉት። በሰፊ የእንጨት ገበታ ላይ ገለበጡት፣ ራሳቸው የናጡትን ቅቤ አደረጉበት፣ ፎርማጆ የሚሉትን አይብ አደረጉበት። አምጥተው ከእንግዶቹ ፊት አኖሩና "ብሉ" አሉ።

ሰውዬው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "እግዜር ይስጥልን፣ ሲኞራ፤ ጠግበናል" አለ። ትርሲትም "መንገድ ላይ በልተናል" አለች። ልጆቹም እንደተመከሩት "ጠግበናል" አሉ።

እኛ አገር ቢሆን ምን ይከተላል? ታውቁታላችሁ። "ኧረ በሞቴ" ይባላል። "አፈር ስሆን" ይባላል። "ካልበላችሁማ እቀየማለሁ" ይባላል። እንግዳውም እየተግደረደረ ይጠጋል፣ ከዚያ በኋላ ገበታው ይጸዳል። እዚያ አገር ግን "አልፈልግም" ያለን ሰው መጫን ነውር ነው። ሲኞራ ፒየሪና "እንደ ፈቀዳችሁ" አሉና ገበታውን አንሥተው ወደ ወጥ ቤት ገቡ።

ትንሿ ልጅ ብሩክታዊት እንፋሎቱን በዐይኗ ሸኘችው። "እማዬ፣ ወሰዱት እኮ" አለች።

"ዝም በይ፣ ይመለሳሉ። ገና መች ለመኑን?"

ጠበቁ። ማንም አልተመለሰም። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች።

አባትየው አላስቻለውም። ውሃ የሚጠይቅ መስሎ ወደ ወጥ ቤት ዘለቀ። ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ሲኞራ ፒየሪና ገንፎውን ፊታቸው አስቀምጠው፣ በሽርጣቸው ዐይናቸውን ይጠርጋሉ።

"ምን ሆኑ፣ ሲኞራ?"

"ምንም፣ ልጄ። የእኔም ወንዶች ልጆች እንዲሁ ናቸው፤ ከከተማ ሲመጡ መንገድ ላይ በልተው ነው የሚመጡት። ገንፎዬን ከጠሉት ቆይተዋል። እናንተ እንኳ ትወዱልኛላችሁ ብዬ ነበር። ከእንግዲህ እንግዳ አልቀበልም። የሚበላው ከሌለ ለማን ብዬ አማስላለሁ?"

ልጆቼ፣ እስቲ እዚህ ላይ ሰውዬውን እዩት። ውሃውን ጠጥቶ፣ አመስግኖ፣ ክብሩ ሳይነካ መመለስ ይችላል። ያን ጊዜ ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ፣ እኚህ እናትም ቤታቸውን ይዘጋሉ። ወይ ደግሞ ማፈር አለበት። ለአቅመ አባትነት የደረሰ ሰው ቆሞ "ዋሽቻለሁ" ሊል ነው። ቀላል እንዳይመስላችሁ።

"ሲኞራ፣ አልበላንም" አለ። "ከጠዋት ወዲህ እህል አልቀመስንም። እኔም ርቦኛል፣ ልጆቼም ርቧቸዋል።"

"ታዲያ ለምን ጠግበናል አላችሁ?"

"እኛ ዘንድ እስክንለመን ነው የምንጠብቀው።"

ፒየሪና አፍጥጠው አዩት። "ይህን ሁሉ ሳማስል የዋልኩት ምን መስሎህ ነው?" አሉት። "ልመና አይደለም?"

ገንፎው ቀዝቅዞ ነበር። ቆራርጠው በቅቤ ጠበሱት፣ እሳቸውም አብረው ተቀመጡ። ያቺ "ዘላችሁ እንዳትገቡበት" ያለችው ትርሲት ሁለት ጊዜ ጨመረች። በማግስቱ ሲለያዩ ሲኞራ ፒየሪና ትንሿን ልጅ አቅፈው፣ "ከርሞም ኑ፤ ግን ርቧችሁ ኑ" አሉ።

እኔ እኚህን እናት ወደድኳቸው። ያስለቀሳቸው ምንድን ነው? ስድብ ነው? ንቀት ነው? ጨዋነት ነው እኮ፤ መግደርደር ነው።

እናንተስ፣ ምእመናን? በየእሁዱ ትመጣላችሁ፤ ደስ ይለኛል። ቅዳሴው ይቀደሳል፣ ሥጋውና ደሙ ይቀርባል፣ ትጠራላችሁ። ሕፃናት ይጠጋሉ፣ አረጋውያን ይጠጋሉ። እናንተ ጎልማሶቹ ግን፣ እናንተ ወጣቶቹ ግን፣ ግድግዳ ተደግፋችሁ ትቆማላችሁ። ምነው ስላችሁ "አባ፣ አልበቃሁም" ትሉኛላችሁ። ኃጢአታችሁን ፈርታችሁ ከሆነ መፍራታችሁ መልካም ነው፤ ለዚያ ንስሐ አለላችሁ። ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ ንስሐውንም ቁርባኑንም "ስሸመግል" ብላችሁ ያቆያችሁት?

መች ጠገባችሁ? እኔ ፊታችሁን አያለሁ፤ ነፍሳችሁ እንደተራበች ያስታውቃል። ልጆቻችሁም ከጎናችሁ ቆመው እናንተን እያዩ "ጠግበናል" ማለትን እየተማሩ ነው።

ጌታ እስኪለምናችሁ ነው የምትጠብቁት? "በሞቴ" እስኪላችሁ? ሞቶላችሁ የለም እንዴ? ከዚህ በላይ እንዴት አድርጎ ይለምናችሁ?

ስለዚህ ዛሬ ስትወጡ በቀጥታ ወደ ቤት አትሩጡ። የንስሐ አባታችሁን ፈልጉ። ንግግር አታሳምሩ፣ ምክንያት አትደርድሩ። "አባ፣ ርቦኛል" በሏቸው፤ ቀሪውን እሳቸው ያውቃሉ። የንስሐ አባት የሌላችሁ ደግሞ ወደ እኔ ኑ። ምሳዬን አቆይቼዋለሁ፤ ደጀ ሰላም ተቀምጬ እጠብቃችኋለሁ።