ቀዳዳ ያልተበጀላት አምፖል

አንድ ሰው ነበረ፤ ጣራዋ የሚገለጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ አሮጌ የስፖርት መኪና ነበረችው። ክፉ ሰው አልነበረም። ሠርቶ የሚበላ፣ ታላቅ እህቱን የሚጦር፣ ከጎረቤት ጋር ተግባብቶ የሚኖር ሰው ነበር። በመኪናዋ ነገር ግን ምክር አይገባውም።

ይህን የሚያወሩት አባ ኅሩይ ናቸው፤ የሚያወሩትም ለንስሐ ልጃቸው ነው። የንስሐ ልጃቸው ሚስት ጥላው ወላጆቿ ቤት ከርማ፣ በሽማግሌ ከተመለሰች ገና ብዙ አልቆየችም። ባልየው ዛሬ ድሬዳዋ ወደሚገኘው የአባ ኅሩይ ግቢ መጥቶ «አባ፣ ትዳራችን እንደ መጀመሪያው ዘመን እንዲሆንልኝ ምን ላድርግ?» ብሎ ጠየቃቸው። አባ ኅሩይ ከመመንኮሳቸው በፊት በጭነት መኪና ላይ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ምሳሌያቸው ከመንገድና ከጋራዥ አይወጣም። ጥቅስ ጠብቆ የመጣ ሰው ስለ ጎማና ስለ ፍሬን ሰምቶ ይመለሳል። ባልየውም ይህን ስለሚያውቅ ኮቱን ጉልበቱ ላይ አጣጥፎ ያዳምጣል።

እናም ያ ባለ መኪና እሑድ እሑድ አሮጌ መኪና ካላቸው ወዳጆቹ ጋር ይገናኝ ነበር። መኪኖቻቸውን ጎን ለጎን አቁመው፣ ኮፈን ከፍተው ሲያወሩ ይውላሉ። ከመካከላቸው አንዱ ያንኑ ዓይነት መኪና አለው፤ ልዩነቱ የእሱ ቀደም ባለው ዘመን የተሠራች መሆኗ ነው። የእሷ ዳሽቦርድ ንጹሕ ላሜራ ነው፤ በገላዋ ቀለም የተቀባ፣ ፍጥነትና ነዳጅ የሚያሳዩት ክብ ክብ ጌጆቹ በሚያብለጨልጭ ክፈፍ የተከበቡ። የእኛ ሰው መኪና ግን ፋብሪካው ሐሳቡን ከለወጠ በኋላ የወጣች ናት። ዳሽቦርዷ ጥቁርና ያበጠ፣ ፕላስቲክ የለበሰ ነው፤ ላዩ ላይም ትንንሽ መብራቶች ተደርድረውበታል። ወዳጁ መኪናዋን ባየ ቁጥር «ዛሬም ትራስሽን ይዘሽ መጣሽ?» እያለ ይቀልድባታል። ሰዎቹ ይስቃሉ። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ነገሩ ያንገበግበዋል።

በመጨረሻ ቆረጠ። አንድ ጋራዥ ጓሮ ውስጥ ዝገት ከጨረሳት መኪና ላይ ያንን የቀድሞውን የላሜራ ዳሽቦርድ አገኘ። አስፈታው፤ የተጣመመውን አስቀጠቀጠ፤ እንደ መኪናዋ ገላ ቀይ አስቀባው። የጌጆቹን ክፈፍ ለሰው አላመነም፤ ራሱ በጥርስ ሳሙናና በጨርቅ ሲፈትግ ሰነበተ። እህቱ ብቅ እያለች «ለሙሽራ እንኳ እንዲህ አይለፋም» ትለዋለች። እሱ መፈተጉን ይቀጥላል። ደስ ብሎታል፤ እንዲህ ደስ ያለው ከልጅነቱ ወዲህ አልነበረም።

ዳሽቦርዱ የሚገጠምበት ቀን ኤሌክትሪሻን አስመጣ። ጥቁሩ ሲነሳ ከጀርባው የተጠላለፈ የሽቦ ክምር ወጣ። ኤሌክትሪሻኑ አንድ በአንድ እየለየ አገናኘ፤ የፍጥነቱን፣ የዘይቱን፣ የነዳጁን፣ የሙቀቱን። ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። አንድ ሽቦ ብቻ ተረፈ።

«ይቺ የፍሬኗ ናት» አለ ኤሌክትሪሻኑ። «አምፖሏን የት ላድርጋት?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀደም ባሉት መኪኖች የፍሬን ዘይት የሚሄደው በአንድ መስመር ነው፤ ያ መስመር ከፈሰሰ እግር ወዲያው ያውቀዋል። የእሱ መኪና የኋለኛው ዘመን ሥራ ስለሆነች መስመሯ ሁለት ነው። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዛል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንዱ መበላሸቱ በእግር በደንብ አይታወቅም። ለዚህ ነው ፋብሪካው አንዲት ቀይ አምፖል የጨመረው። አንዱ መስመር ሲያልቅ ትበራለች፤ ባለቤቱም ሁለተኛው ሳይከተል መኪናዋን ወደ ጋራዥ ይወስዳል። ሰውየው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ አሳምሮ ያውቃል።

ጎንበስ ብሎ አዲሱን ዳሽቦርድ አየው። ቀለሙ ገና ይሸታል። ለአምፖሏ የተበጀ ቦታ የለውም።

«ቀዳዳ ልብሳላት?» አለ ኤሌክትሪሻኑ። «የጣት ጫፍ ብታህል ነው።»

«አይሆንም። የመጀመሪያዎቹ ላይ የለችም።»

«እሺ፣ ከታች ጉልበትህ ጋ ልደብቃት። ማንም አያያትም።»

«እኔ አያታለሁ» አለ ሰውየው። «እሷ እያለች የድሮ መኪና ነው የምነዳው ልል ነው? ተዋት።»

ኤሌክትሪሻኑ የሚከራከር ዓይነት ሰው አልነበረም። እንዲያውም «ድሮስ ሰው ያለሷ ነድቶ የለ?» ብሎ አጽናናው። የሽቦዋን ጫፍ በናስትሮ ጠቅልሎ ከላሜራው ጀርባ ወሸቀው፤ እጁን ታጥቦ ሻይ ጠጣና ሄደ።

እሑድ መጣና ወዳጆቹ መኪናዋን ከበቧት። ያ ቀልደኛው እንኳ ዳሽቦርዱን በመዳፉ ዳበሰና ከራሱ ጋር ያስተያየው ጀመር። ሰውየው ያን ቀን ምሳ ሁሉንም ጋበዘ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ለሰውየው የደስታ ጊዜ ነው። ፊት ለፊቱ ቦግ የሚል ነገር የለም፤ መኪናዋ ምንም አትለውም። አንድ ሰሞን ግን የፍሬኑ መርገጫ ከወትሮው ለስለስ፣ ጠለቅ አለ። ልብ ብሎታል። ሳያስተውል ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ይቅር በተባለ ነበር። እሱ ግን መርገጫው ከእግሩ በታች ጠለቅ ሲልለት ፈገግ አለ። የድሮ መኪና ፍሬን ለስላሳ እንደሆነ ወዳጆቹ ሲያወሩ ሰምቷል፤ እናም እህቱን «አየሽ፣ አሁን ገና ጠባይዋ ተመለሰ» አላት። የመኪናዋ ፊት የጥንት ሆኗል፤ ሆዷ ግን ያው የኋለኛው ዘመን ነው። ከሁለቱ መስመሮች አንዱ ጠብ ጠብ እያለ አልቆ፣ መኪናዋ የምትቆመው በቀረው በአንዱ ብቻ ነበር።

ለታኅሣሥ ገብርኤል እህቱን አሳፍሮ ቁልቢ ወጣ። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት፤ ስእለትም ነበረባት። ስእለቷን አስገብታ፣ ጠበል ጠጥተው፣ ወደ ቤታቸው ጉዞ ጀመሩ። ደንገጎ ሲደርሱ ቁልቁለቱ ጀመረ። መንገዱ በአንድ ወገን ተራራ፣ በሌላው ወገን ገደል ይዞ እየተጠማዘዘ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ነው። ጣራው ተገልጧል፤ እህቱ ነፋስ እንዳይወስድባት ነጠላዋን በሁለት እጇ ይዛለች፤ የሰማችውን መዝሙር ታንጎራጉራለች።

አንድ መታጠፊያ ላይ ፍሬን ያዘ። መርገጫው እስከ ወለሉ ወረደ። ደግሞ ረገጠ፤ ምንም የለም፤ የቀረውም መስመር ከድቷል። ማርሽ ቀነሰ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ መኪናዋ ጮኸች እንጂ አልቆመችም። ከታች ከቁልቢ የሚመለስ ሕዝብ የጫነ ሚኒባስ እያዘገመ ይወርዳል። ሰውየው መሪውን ወደ ተራራው አዞረ። ያደረገው ትክክል ነበር፤ በዚያች ሰዓት ሌላ የሚደረግ ነገር አልነበረም።

ሁለቱም አልሞቱም። የእሱ ግንባር ተሰነጠቀ። የእህቱ ዳሌ ተሰበረ፤ ሰዎች ሲደርሱ ያ የተለፋበት ላሜራ ታጥፎ ጭኗ ላይ ተጭኖ አገኙት። ሐኪም ቤት ብዙ ተኛች። ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አትራመድም። ሊጠይቅ የሚመጣው ሁሉ «እንዴት ሆነ?» ሲለው ሰውየው «ፍሬን በጠሰብኝ፤ ድንገት ነው» ይል ነበር። እህቱ ስለ አምፖሏ የምታውቀው ነገር ስለሌለ «እግዜር ያመጣው ነው» እያለች አብራ ታጽናናዋለች። ይህ ነው ሌሊት እንቅልፍ የነሳው። መኪናዋን ሸጣት፤ ነገር ግን እህቱ በምርኩዟ ግቢውን ስትሻገር ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል ይባላል።

አባ ኅሩይ እዚህ ላይ አቆሙ። ወንበራቸውን ወደ ንስሐ ልጃቸው አዙረው ዓይን ዓይኑን አዩት።

«እስኪ ንገረኝ፤ ሚስትህ ስትመለስ ምኗ ተለውጦ አገኘኸው?»

ባልየው አልተዘጋጀበትም ነበር። «ትናገራለች፣ አባ» አለ። «ድሮ አንድ ቃል የማይወጣት ሴት ነበረች። አሁን ትንሽ ነገር ካስከፋት እዚያው ፊቴ ላይ ትነግረኛለች። ሰው ፊት አሳነስከኝ ትላለች፤ ሳትነግረኝ አመሸህ ትላለች፤ ይሄ ከፍቶኛል ትላለች። ምሳ እየበላሁ ሳለሁ እንኳ አትምረኝም። ድሮ ቤቴ ሰላም ነበር። እኔ የምፈልገው ያችን የመጀመሪያዋን ነው።»

«ያቺ የመጀመሪያዋ ጥላህ ከመሄዷ በፊት ምን ብላህ ነበር?»

«ምንም፣ አባ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አንዲት ነገር አላለችኝም። ከሥራ ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ድንገት ተነሥታ ነው የሄደችው።»

አባ ኅሩይ አልተቆጡም። ይህን ሰው ይወዱታል፤ ቁልፍና መፍቻ የያዘ ሰው በሚናገርበት ቀዝቃዛ ድምፅ ግን ነገሩት።

«ድንገት አይደለም፣ ልጄ። ያ ባለ መኪና አንተ ነህ። ሚስትህ አጠገብህ ተቀምጣ ጠብ ጠብ እያለች አለቀች፤ አንተ ዝምታዋ ሰላም መስሎህ ፈገግ ትል ነበር። አሁን ስትመለስ የጎደለውን ይዛ ተመለሰች። ነገሩ ሳያልቅብህ የሚነግርህን አምፖል ይዛ ማለቴ ነው። አንተ ደግሞ መልኩን ስላልወደድኸው ቆርጠህ አውጣልኝ ልትለኝ እዚህ ድረስ መጣህ። እኔ አልቆርጥልህም። እንደ መጀመሪያው ዘመን አትሆኑም፤ ባዶ ቤት ያስታቀፈህ እኮ የመጀመሪያው ዘመን ነው።»

ባልየው አንገቱን ደፋ። በቀጭን ድምፅ «ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ።

«ከፍቶኛል ስትልህ እጅህን ከምሳው አንሣና ስማት። የምትናገርበትን ቀን አትፍራ» አሉት። «አንድ ቀን አምሽተህ ገብተህ ምንም ካላለችህ፣ ያን ጊዜ እየሮጥህ ወደ እኔ ና።»