ማንም ሳይነካው የጮኸው ክላክስ

በአንድ ወቅት፣ ደብረ ሲና ውስጥ፣ መርዶ ይዘው ለመጡ ሰዎች እየሳቀች በር የከፈተች አንዲት ሴት ነበረች።

ስሟ አፀደ ይባላል። በከተማው ጤና ጣቢያ ድሬሰር ናት፤ የሰው ቁስል አጥባ ታሽጋለች። ባሏ ደምሰው በአሮጌ አረንጓዴ ፒካፕ ከቆላ ፓፓያና ሽንኩርት ወደ ደጋ ያመላልስ ነበር። ወደ ቤቱ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ክላክሱን አጠር አጠር አድርጎ ሁለቴ ይነካዋል፤ እሷም የያዘችውን ጥላ ትወጣለች። ታሞ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሲገባ እንኳ፣ «ሆዴን ትንሽ ቆርጦኝ ነው፤ እንዳትመጪ። ክላክሴን ስትሰሚ በሩን ክፈቺልኝ» ብሎ ልኮባት ነበር።

ደምሰው ከሆስፒታል አልወጣም። ታናሽ ወንድሙ ንጋቱ፣ ጓደኛው በላቸውና የንስሐ አባቱ አባ ወልደ ጻድቅ ፒካፑን ይዘው ጎህ ሲቀድ ደብረ ሲና ደረሱ፤ አስከሬኑ በሌላ መኪና ከኋላ ይመጣል። መርዶ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የሚነገረውና፣ አፀደ ድምፅ ሰምታ ቀድማ እንዳትወጣ ሞተሩን አስፋልቱ ላይ አጥፍተው መኪናውን በእጃቸው ገፉት። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ማንም ሳይነካው ክላክሱ ጮኸ፤ አጠር አጠር ብሎ፣ ሁለቴ።

«መጣሁ! መጣሁ እኮ! ደግሞ በማለዳ!» እያለች አፀደ በሩን በረገደችው። ፊቷ ሁሉ ሳቅ ነበር። አባ ወልደ ጻድቅን አየች። የንጋቱን እጆች ጭንቅላቱ ላይ አየች። የሹፌሩን ወንበር ባዶ አየች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል።

ደምሰው ከማረፉ በፊት ለአባ አንድ ቃል አስይዟቸዋል። «መኪናዬን እንዳትሸጡት። ቁልፉን አፀደን ላሳረፈልኝ ሰው ራሷ ትስጠው፤ ያ ሰው እየነዳ ይኑርበት፣ እሷንም ይጡራት» ብሎ። አባ ግን ይህን ቃል እስከ አርባው ድረስ በሆዳቸው ያዙት።

ክላክሱ በዚያ ቀን አላበቃም። ፒካፑ ግቢ ውስጥ ከቆመ በኋላም፣ ከባድ መኪና በአስፋልቱ ባለፈና መሬቱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ይጮኻል። በጮኸ ቁጥር አፀደ ከለቅሶው ፍራሽ ብድግ ብላ ወደ በሩ ትሮጣለች። መኪናው ዐይኗ ፊት ቆሟል፤ ባለቤቱ አፈር ለብሷል፤ ይህን ልቧ ያውቃል። እግሯ ግን አላወቀም።

በሣልስቱ ስትሮጥ ነጠላዋ ጠልፏት ከበሩ ብረት ጋር ተጋጨች፤ ግንባሯ ደማ። ንጋቱ ይህን ማየት አልቻለም። የራሱን ሐዘን እንኳ ገና አላለቀሰም ነበር። ኮፈኑን ከፍቶ የክላክሱን ሽቦ በቢላዋ በጠሰው።

«ከእንግዲህ የሚጠራሽ የለም፣ እትዬ። ተኚ በቃ» አላት።

ተኛች። መርዶውን ከሰማች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት። ለቅሶ የተቀመጠው ሁሉ ንጋቱን መረቀው።

ስትነቃ ግን ዝምታው ከጩኸቱ ባሰባት። መሮጡን ተወች፤ መብላቱንም መናገሩንም ተወች። በሩን በሩን እያየች ቁጭ ትላለች። አንድ ቀን በላቸው ሊጠይቃት ሲመጣ፣ «ድምፁንም አብራችሁ ቀበራችሁት?» አለችው።

በላቸው ሹፌር ነው፤ የሚነዳው መኪና ገደል ገብቶበት ሥራ ከፈታ ቆይቷል። ወዲያው ሄዶ የተበጠሰውን ሽቦ በጥርሱ ልጦ መልሶ ቀጠለው።

ንጋቱ ጮኸበት። «አብደሃል? ልትጨርሳት ነው?»

«እንዲህ ደርቃ ከምትቀር ትሩጥ። እኔ እዚሁ ነኝ» አለ በላቸው።

በርጩማ አምጥቶ በሩ ሥር ተቀመጠ። ክላክሱ ሲጮህ ቀድሟት በሩን ወለል አድርጎ ይከፍትና፣ «ነይ እዪ! የሲሚንቶ መኪና ነው። ደምሰው አይደለም!» ይላታል። ወጥታ ታያለች፤ አልቅሳ ትመለሳለች። በነጋታውም እንደዚያው፣ ከዚያ ወዲያም እንደዚያው። የሰፈሩ ሰው፣ «የጓደኛው አፈር ሳይደርቅ ሚስቱ ደጅ ተተከለ» እያለ አማው፤ የገዛ ሚስቱ አኮረፈችው። አልተነሣም። እያደር አፀደ ከፍራሹ ሳትነሣ፣ «አሁንስ ምንድነው?» ትለው ጀመር።

«የድንች! ሹፌሩ ደግሞ በበሬ የሚያርስ ነው የሚመስለው!»

ሳቅ አመለጣት፤ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ከዚያ አንድ ቀን ክላክሱ ጮኸ፣ እሷም የምትልጠውን ሽንኩርት አላስቀመጠችም። በላቸው ይህን አይቶ በርጩማውን መለሰና ቤቱ ገባ።

አርባው ሲቃረብ ልጇ ትርንጎ ከድሬዳዋ ሕፃን አዝላ መጣች። አራስ ስለነበረች መርዶው ተደብቆባት ከርሟል። አልቅሳ ሲወጣላት፣ በልጅነቷ ለአባቷ መፍቻ ታቀብል የነበረችው ልጅ የፒካፑን መሪ ፈትታ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች፤ ደርቆ የተጠቀለለ ነጭ ነገር ይዛ ወጣች።

«እማዬ፣ ይሄ የጤና ጣቢያ ፕላስተር አይደለም እንዴ? የተላጠውን ሽቦ በዚህ ነው ሲጠቀልለው የኖረው። ደርቆ ሲላቀቅ ሽቦው ብረቱን እየነካ ያስጮኸዋል።»

አፀደ ፕላስተሩን ተቀበለቻት። ደምሰው በየጊዜው ጤና ጣቢያ ብቅ እያለ፣ «ጣቴን ቆረጠኝ፣ ትንሽ ፕላስተር» ይላት ነበር። ጣቱ ላይ ግን ቁስል አይታ አታውቅም።

«የኤሌክትሪክ ቴፕ አጥቶ ይሆናል» አለች።

«ቴፕማ ይኸው፣ እዚህ ኪሱ ውስጥ ሞልቷል» አለች ትርንጎ የመኪናውን መሳቢያ ከፍታ።

እናትና ልጅ ተያዩ። ሰውየው ለካ ሊያያት ነበር የሚመጣው።

ትርንጎ ሽቦውን በቴፕ ጠቀለለችና መሪውን ገጠመች። እናቷን የሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ «ከእንግዲህ በራሱ አይጮህም፣ እማዬ። ሲያሰኝሽ አንቺ ንኪው» አለቻት። አፀደ አጠር አጠር አድርጋ ሁለቴ ነካችው። ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ፤ እነሱ ሳቁ። በማግስቱ አፀደ ነጭ ገዋኗን ለብሳ ሥራ ገባች።

በአርባው፣ ሰው ጸበል ጻዲቅ ቀምሶ ሲያበቃ፣ አባ ወልደ ጻድቅ ቃሉን ተናግረው ቁልፉን አፀደ መዳፍ ላይ አኖሩት። የድንኳኑ ሰው በሐሳብ ተከፈለ።

«እንቅልፍ የሰጣት ንጋቱ ነው፤ እሱ ባይደርስላት ለሌሎቹም አትተርፍም ነበር» አሉ አንዳንዶቹ።

«ድምፁን ነጥቆ አደረቃት እንጂ! ስሙን በሐሜት አስበልቶ ሐዘኗን ያስቻላት በላቸው ነው» አሉ ሌሎች።

«እሱማ ቁስሏን እየነካካ አቆያት። ከሥሩ ያዳነው የትርንጎ እጅ ነው።»

«ትርንጎ የመጣችው ዕንባው ካባራ በኋላ አይደለም?»

ንጋቱ መሬት መሬት ያያል፤ በላቸው ከድንኳኑ ጥግ ቆሟል፤ ትርንጎ ልጇን ታጠባለች። አፀደ ከሦስቱ አንዱን ባየች ቁጥር ልቧ ወደዚያው ይሄዳል። ቁልፉ መዳፏ ውስጥ ሞቀ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሁሉ ተከራከሩበት፤ አፀደን ያሳረፋት የትኛው ነው? ቁልፉስ ለማን ይገባል? ከመፍረዳችሁ በፊት ግን ለደምሰው ነፍስ ይማር በሉ፤ እሱም በደረሰበት ደጅ፣ ሳይጠራ በሩ ይከፈትለት ዘንድ ጸልዩለት።