ጃርትና ወለድ የሌለው ብድር

ድሮ ነው፤ አገሩ ገና ስም ሳይወጣለት። ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነበር። ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ አላባራም።

ጃርት ከአባቱ የወረሰው አንድ ጉብታ ነበረው፤ ሌላ ሀብት የለውም። አውሬው ሁሉ ጎርፍ ጉድጓዱን እየሞላበት ደረቅ ቦታ ሲፈልግ አየና፣ ጉብታዬን አስቆፍሬ ሦስት ክፍል ላከራይ አለ። ኪራዩ ለአንድ ክፍል በዓመት ሁለት ቁና ገብስ። ግን ቆፋሪዎቹ ፍልፈሎች ሳይበሉ አይቆፍሩም፤ ለእነሱ አሥር ቁና ያስፈልጋል።

አያ ጅቦ ዘንድ ሄደ። ጅብ አበድርሃለሁ፣ ለመስቀል እጥፍ ትመልሳለህ አለው። ጃርት «ቤቱ ሳያበላኝ አንተ ትበላኛለህ» ብሎ ተመለሰ።

ኤሊ ዘንድ ሄደ። ኤሊ አሥሩን ውሰድ፣ ከኪራዩ በዓመት ሦስት ሦስት ቁና እየሰጠኸኝ በአምስት ዓመት ጨርስ አለችው። ጃርት «እመት ኤሊ፣ ብድርሽም እንዳንቺ ነው የሚሄደው?» ብሎ ስቆ ተመለሰ።

ቀበሮ ዘንድ ሄደ። ቀበሮ ወለድ አልጠየቀም። አሥሩን ቁና እስክትመልስ ግን ቤቱን ይዤ እቀመጣለሁ አለው። ጃርት ወለድ የለውም፣ ወለድ የለውም እያለ እየዘለለ ወጣ።

ጉብታው ተቆፈረ። ቀበሮም ሚስቱንና ሰባት ልጆቹን ይዞ ገባ፤ ሦስቱንም ክፍል ሞሉት። ጥንቸል ልከራይ ብላ መጣች፤ ቦታ የለም። ከርከሮ መጣ፤ ቦታ የለም። ጃርትና ሚስቱ ቁጥቋጦ ሥር ተኮራምተው ዝናቡ ወረደባቸው። ሚስቱ ስታጉረመርም ሰንብታ፣ ለመሆኑ ኪራዩን የሚከፍለን ማን ነው ብላ ጠየቀችው። ጃርት ተነሣ። ወደ ቀበሮ ሄደ።

«ግድ የለም አያ ጃርት፣ እኔ አልቸኩልም» አለ ቀበሮ፣ ደረቅ ሣር ላይ እንደተጋደመ። «አሥሯን ቁና ያመጣህ ዕለት እወጣለሁ።»

«ከየት አመጣለሁ? ገብሱ የሚመጣው ከቤቱ፤ ቤቱ ውስጥ ያለኸው አንተ።»

«እሱንማ ስንዋዋል አይቼዋለሁ።»

የጃርት እሾህ ቆመ። የአባቱ ጉብታ በዚያው መቅረቱ ገባው። ወጥቶ ኤሊ ፊት አንገቱን ደፋ። ኤሊ ውሏን አልለወጠችም፤ አሥር ቁና ሰፈረችለት። እሱም በሽማግሌ ፊት ለቀበሮ አስረከበ።

ቀበሮ ቤተሰቡን ይዞ ዝናብ ላይ ወጣ። ብዙም ሳይርቅ ተመልሶ አንድ ክፍል አከራየኝ ብሎ ለመነ።

«ሁለት ቁና። በቅድሚያ» አለ ጃርት።

ቀበሮ ከፈለ። ጥንቸልና ከርከሮም ከፈሉ። ጃርት ከስድስቱ ቁና ሦስቱን አንሥቶ፣ አንዲት ፍሬ ሳይቀምስ፣ በዚያው ዝናብ ለኤሊ አደረሰ።

ለቤት የሚበደር፣ ከቤቱ ጋር ይማከር።